ሳህኑ የሚጠፋበት ጥልቀት

ሰኞ 4

ሳህኑ ዛሬም ሁለት ሜትር ሳይሞላ ጠፋ። ጀልባ ነጂው ገመዱን በመዳፉ ጨብጦ፣ «ላውጣው ዶክተር?» አለኝ። አውጣው አልኩት። ተማሪዬ ጻፈች። ደግመን ጣልነው፤ እዚያው ጠፋ። ሐይቁ እየጠቆረ ነው።

ትናንት እህቴ፣ «ለመሆኑ እዚያ ሐይቅ ላይ ምን ስትሠሪ ነው የምትውዪው?» አለችኝ። ነገርኳት። ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ብረት አለ፤ ሳህን እንለዋለን። በገመድ ወደ ውኃው ይወርዳል። ከዓይን ሲጠፋ ገመዱ ይነበባል። ውኃው ጥሩ ከሆነ ሩቅ ይወርዳል፤ ከደፈረሰ ቶሎ ይጠፋል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ይጻፋል።»

«ለዚህ ነው ዶክተር ያሉሽ?»

አዎ፣ ለዚህ ነው። ፀጉሬ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ሳህኑን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ዓይን፣ አንድ ልክ። ተመልካች ሲቀያየር ልኩም ይቀያየራል ብዬ ያላስተማርኩት ተማሪ የለም። በዚህ ሐይቅ ላይ ሌላ የረጅም ጊዜ ልኬት የለም፤ የእኔ ብቻ ነው።

ማታ ከውጭ አገሩ አጋር ዩኒቨርሲቲ የመጣውን ደብዳቤ አነበብኩ። የጻፈችው በስክሪን ስብሰባ የማውቃት ረጅሟ ፕሮፌሰር ናት። ትሕትናዋ አያልቅም። እነሱ በሳተላይት ሲያዩት ሐይቃችን አልተለወጠም፤ በእኔ ልኬት ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ጨልሟል። «ልዩነቱን አብረን ብንረዳው ደስ ይለናል» ትላለች። በሰውኛ ሲተረጎም ልኬትሽ ውሸት ነው ማለት ነው።

የጋራ ሪፖርቱ ከዝናቡ በፊት ይዘጋል። የእኔ ልኬት ከወጣ ቀጣዩ ምዕራፍ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እኛ ውኃ በጠርሙስ ቀድተን እንልካለን፤ እነሱ ያጠናሉ። ከአጥኚነት ወደ ውኃ ቀጂነት።

አይሆንም።

ረቡዕ 6

የኮሪደሩን አምፖል እንዲቀይሩልኝ እንደገና አመለከትኩ። ዙሪያው ጭጋግ የያዘ ይመስላል። የጥገናው ሰውዬ መሰላል ተሸክሞ መጣ፣ አየው፣ ወረደ።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ባለፈው ሳምንት የተቀየረ ነው። አዲስ ነው።»

«የዛሬ አዲስ!» አልኩት። ሳቀ። ምኑ እንዳሳቀው አልገባኝም።

ቅዳሜ 9

እህቴ ልብስ ስፌት ላይ ዋለች። ሥራዋ ሲበዛ ክር በመርፌ የማስገባላት እኔ ነበርኩ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ድርሻዬ ነው። ዛሬ አልገባ አለኝ። ክሩን በምራቄ አሾልኩት፣ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ አሁንም አልገባም።

«ክሩ ነው» አልኳት። «ጫፉ ይበተናል። የዘንድሮ ክር እንዲህ ነው።»

መርፌውን ከእጄ ወስዳ ራሷ አስገባችው። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ከአፍንጫዋ ጫፍ ላይ መነጽር አይወርድም። ያን ቀን ከዚያ ወዲያ ያወራነው ስለ ዘይት ዋጋ ብቻ ነው።

ሐሙስ 14

በስክሪን ስብሰባ። በዚያ ወገን አራት ፊት፣ በዚህ ወገን እኔና የክፍላችን ኃላፊ። ኃላፊው «ይታሰብበት» ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው። እሳት ተነሥቷል ቢሉት እንኳ ይታሰብበታል ነው የሚለው። እሱም አንድ ጊዜ ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬ አለቃዬ ነው።

ረጅሟ ጥያቄ አቀረበች። «ሳህኑን የሚያየው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

አራቱም አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። እንዲህ ያለ አጻጻፍ አውቃለሁ፤ ሰውን ሳይሰድቡ የሚሰድቡበት ነው። ከጀልባው ጥላ በኩል እንደምናወርደው፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እንደምንለካ፣ ሁሉን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። «እናንተስ በራሳችሁ ሐይቅ ላይ ሳህኑን በየትኛው በኩል ነው የምታወርዱት? በፀሐይዋ በኩል ከሆነ ነጸብራቁ ያሳስታል» አልኩ። ረጅሟ ፈገግ ብላ ጻፈች። ይታሰብበት፣ «ጥሩ ነጥብ ነው፣ ይታሰብበታል» አለ።

ከስብሰባው በኋላ ከሰዓት የይታሰብበት ቢሮ በር ላይ ስደርስ፣ ውስጥ ለጸሐፊዋ፣ «እሷን ማን ይነግራታል?» ሲል ሰማሁት። ስገባ ስለ ወረቀት እጥረት ማውራት ጀመሩ። የሚነግሩኝ ምን እንደሆነ ይገባኛል። ጡረታ ነው። ገና ነኝ።

ለረጅሟ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩላት። በመጨረሻው ላይ በቋንቋዬ ቢሆን «አንዲት ልክ ካበላሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብዬ እጨርሰው ነበር። በሷ ቋንቋ ግን እንዲህ ያለ መሐላ የለም። «ከአክብሮት ጋር» አልኩና ተውኩት።

ሰኞ 18

ጭቅጭቅ። ተማሪዬ ከሐይቁ ያመጣነውን ውኃ አጣርታ በውስጡ ያለውን አረንጓዴ፣ ጥቃቅኑን የውኃ ተክል፣ ለካችው። ውኃው የሚጠቁረው አረንጓዴው ሲበዛ ነውና የእሷ ቁጥር ከእኔ ጋር መሄድ ነበረበት። አልሄደም። የእሷ ቁጥር እንደ ድሮው ነው።

«ማጣሪያው ነው» አልኳት።

«ዶክተር፣ ሦስቴ ደገምኩት።»

«አራተኛ ድገሚው!»

ጮኽኩ። ቤተ ሙከራው በሙሉ ዞር አለ። ልጅቷ ጓንቷን አጠለቀች። የዶክትሬት ሥራዋ ያለው በእኔ እጅ ነው፤ ምን ልትል ኖሯል? መጮኽ አልነበረብኝም። ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ግን ትድገመው።

ሐሙስ 21

ረጅሟ ራሷ ልትመጣ ነው። የራሷን ሳህን ይዛ። ትምጣ!

የሕንፃውን ደረጃ የሠራው ግንበኛ መታሰር ነበረበት፤ የመጨረሻዋ እርከን ከሌሎቹ ታንሳለች። ጉልበቴ ቆስሏል። ለእህቴ ስነግራት፣ «ደረጃው እኮ ያንቺን ያህል ዕድሜ አለው፤ አሁን ነው ያነሰው?» አለች። ቀጥላም፣ «ዓይንሽን ብትታዪስ?» አለችኝ።

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም አላልኩም፣ ሆነም አላልኩም።»

«እንግዲያው ተይኝ።»

ሰኞ 25

ደረሰች። በስክሪን ካየኋት ይበልጥ ረጅም ናት፤ የቤተ ሙከራው በር ላይ ጎንበስ አለች። ልጠላት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ያበላሸችብኝ ሳቋ ነው። የሷ ሐይቅ ግማሹን ዓመት በረዶ ነው፤ አንድ ጊዜ በረዶውን በስታ ሳህኑን ስታወርድ ገመዱን ሳታስረው ለቀቀችው አሉ። «እስካሁን እዚያው ታች ነው ያለው። አንድ ቀን ዓሣዎቹ ልኬቱን ያስረክቡኛል» አለች። ሳቅሁ። ሳልፈልግ ነው የሳቅሁት።

ከዚያ በየትኛው በኩል እንደሚያወርዱ ጠየቅኋት። በጥላው በኩል ነው። ከመጀመሪያውም በጥላው በኩል።

በሚለኩበት ሰዓትም ከእኛ ጋር አንድ ናቸው።

ነገ ሐይቅ።

ማክሰኞ 26

ነፋስ የለም። ውኃው ዝርግ። እኔ አጎነበስኩ። ሳህኑ ወረደ። «ጠፋ» አልኩ።

ረጅሟ በጎኔ አጎንብሳ ነበር። «እኔ አየዋለሁ» አለች።

ገመዱ ወረደ። አሁንም አየዋለሁ አለች። ወረደ። ቀና ብዬ ጀልባ ነጂውን አየሁት። እሱ ወዲያ ማዶ ያያል። «አንተስ?» አልኩት። «እኔ ሞተሩን ነው የማየው ዶክተር» አለ።

ሳህን ቀየርን፤ የሷን ጣልን። እኔ ዘንድ እዚያው ጠፋ። ቦታ ተቀያየርን። እዚያው።

ከዚያ ተማሪዬ ከኋላዬ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «ለእኔም ይታየኛል» አለች።

«አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው የምታዪው?»

«ሁልጊዜ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንድ ዓይን ብለውን ነበር።»

ስንመለስ የሞተሩ ድምፅ ብቻ። ከጀልባው ስወርድ ነጂው እጁን ዘረጋልኝ፤ አልያዝኩትም። ሳንቃው አለ ብዬ የረገጥኩት ቦታ ላይ ሳንቃ አልነበረም። እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ 27

ነጸብራቅ ነበር።

ነጸብራቅ አልነበረም። ውኃው ዝርግ ነበር፤ ከላይ ራሴ ጽፌዋለሁ።

እህቴን መርፌና ክር ስጪኝ አልኳት። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብዬ ሞከርኩ።

«ተይው» አለች።

«አልተውም። ይኼ መርፌ ቀዳዳ የለውም።»

«አይ እንግዲህ! ቀዳዳ በሌለው መርፌ ነው ይኼን ሁሉ ዘመን የሰፋሁት?»

አንድ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ፤ ከዚያ ሌላውን። ቀኝም ግራም አንድ ናቸው። እንፋሎት የያዘው መስተዋት። መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ እሷም አንስታ ጨርቁ ላይ ሰካችው። «ነገ ጠዋት አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች። እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም።

ሐሙስ 28

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ «እናቴ» ይለኛል። በመሣሪያው ውስጥ ረጅም ጊዜ አየኝ። የዓይን ሞራ ነው፤ በሁለቱም። ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቶሎ ይሠራልኛል፣ እንደ ወጣት አያለሁ። እህቴ እጁን ልትስመው ምንም አልቀራት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነብዎ?» አለኝ።

እኔም የምፈልገው ይኼንን ነው። ከመቼ ጀምሮ?

ማታ ቁጭ ብዬ አስባለሁ። አምፖሉ። ደረጃው። የዘንድሮ ክር። ግንበኛውን ይታሰር ብዬ ነበር፤ አስተማሪ ሆኜ። የመለኪያ መሣሪያ ሁሉ በየዓመቱ ይፈተሻል ብዬ የቤተ ሙከራውን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሚዛኑ ይፈተሻል፤ ቴርሞሜትሩ ይፈተሻል፤ ገመዱ እንኳ ውኃ ሲጠጣ ይለጠጣል ተብሎ በየጊዜው ይለካል። ከገመዱ በላይ ያለውን ግን ማንም አልፈተሸውም። አንድ ዓይን፣ አንድ ልክ! ዓይኑ ከሰው ጋር እንደሚያረጅ የረሳሁት እኔ ነኝ።

ልጅቷን ደግሞ አራተኛ ድገሚ አልኳት። ይቅርታውንም እስካሁን አልጠየቅሁም።

ከሰዓት ይታሰብበት ቤቴ ድረስ መጣ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ፍራፍሬ ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ለቅሶ ቤት። ሐሳቡ ይኼ ነው፦ ልኬቴ በሙሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ «በጤና ምክንያት» ከጋራ ሪፖርቱ ይወጣል። እኔ አማካሪ እባላለሁ። ከዝናቡ በኋላ ውኃው በጠርሙስ ይላካል።

«በክብር ይሻላል ብለን ነው» አለ።

«በሙሉ? የድሮውም?»

«የትኛው ጥሩ እንደሆነ በምን እንለያለን፣ ዶክተር?»

ሲወጣ ደረጃውን በጥንቃቄ እንድወርድ መከረኝ፤ እኔ ቤቴ ነኝ፣ የሚወርደው እሱ ነው።

ቅዳሜ 30

በምን እንለያለን?

በአረንጓዴው! አረንጓዴው የተያዘባቸው ማጣሪያዎች በሙሉ ፍሪዘር ውስጥ ናቸው። የእያንዳንዱ ዓመት። እንደ ሞኝ ነው የተቀመጥኩት። አረንጓዴውና የእኔ ልክ አብረው ሲሄዱ ኖረው የተለያዩበት ቦታ አለ። ዓይኔ የደከመው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ንጹሕ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውስ? እሱም አይጣልም። ግን አንድ ነገር ያስፈልገዋል። ያ ነገር እህቴን ያስቆጣታል።

ተማሪዬ ጋ ደወልኩ። «ትክክል ነበርሽ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። መጮኽም አልነበረብኝም» አልኳት። ከዚያ፣ «አራተኛውም ያው ነው የመጣው፣ ዶክተር» አለች። ይኼን ስትናገር ፈገግ እንዳለች ምዬ እናገራለሁ።

ሰኞ 2

ስብሰባ። ይታሰብበት ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ እንደሚታወቀው፣ አንዳንድ የጤና…» ብሎ ሲጀምር ተነሣሁ።

«ዓይኔ ነው የጨለመው፤ ሐይቁ አይደለም» አልኩ። «ልዩነቱ ይኼ ነው። አሁን ወደ ሥራ እንግባ።»

ረጅሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ይታሰብበትን ዞሬ አየሁት። «አንተ፣ ለማስተርስህ ቴርሞሜትር ስትቀይር ምን አድርገህ ነበር?»

«ዶክተር፣ ይኼ አሁን…»

«አሮጌውን በዚያው ቀን ጣልከው። በማግሥቱ አዲሱ ሌላ ቁጥር አሳየህ። ውኃው ይሙቅ ወይም ቴርሞሜትሩ ይለወጥ መለየት አቃተህ። ምን አልኩህ?»

ጆሮው ቀላ። «አሮጌ መሣሪያ አዲሱ አጠገብ አንድ ወቅት ሳይሠራ አይጣልም አሉኝ።»

«ቢበላሽም?»

«ቢበላሽም። የብልሽቱ ልክ እስከሚታወቅ።»

«በል እንግዲህ፤ አሮጌው መሣሪያ እኔ ነኝ።»

ነገርኳቸው። ዝናቡ እስኪያበቃ ድረስ በየሳምንቱ እኔና ተማሪዬ ከአንድ ጀልባ፣ አንድ ሳህን፣ በየተራ እናያለን። እሷ የኔን አትሰማም፤ እኔ የሷን አልሰማም። የኔ ዓይን ምን ያህል እንደሚያጎድል ይታወቃል። ማጣሪያዎቹ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያጎድል ይናገራሉ። በዚያ የተበላሸው ይታረማል፤ ያልተበላሸው አይነካም። እስከዚያ ድረስ ዓይኔን ቀዶ ሕክምና አላሠራም። ከተሠራ መሣሪያው ጠፋ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም የሚያርመው የለም። ሥራው ደግሞ እዚህ ነው የሚሠራው፤ በተማሪዬ እጅ። ጠርሙስ አንልክም።

ረጅሟ መጀመሪያ በኃይል ሳቀች፤ ከዚያ አፏን ያዘች። «ጭካኔ ነው ይኼ» አለች።

«በገዛ ዓይኔ።»

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረች። «እኔ መነጽር ካደረግሁ አሥር ዓመት አልፎኛል። ከመነጽሩ በፊትና በኋላ ያለውን ለይቼው አላውቅም። ባልደረባዬ ደግሞ ቀለም አይለይም። እኛም ጋ ዓይን የፈተሸ የለም።» ወደ ይታሰብበት ዞረች። «የእሷ ልኬት ይውጣ ከተባለ የእኔም ይውጣ። ካልሆነ ግን በሁለቱም ሐይቅ ላይ የሁሉም ተመልካች ዓይን ይፈተሽ። ከእኔ እንጀምር። ሪፖርቱ እስከዚያ ይቆይ።»

ይታሰብበት አፉን ሲከፍት አየሁት።

«ታስቦበታል» አልኩት።

ማክሰኞ 3

እህቴ አላነጋግርም ብላ ውላ፣ እራት ላይ ፈነዳች።

«ለሳህን? ዓይንሽን ለሳህን? ዓይን እኩላለሁ ብላ አጠፋች የሚሉት እኮ አንቺን ነው!»

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ጥቂት ወር ቢቆይ አልጠፋም።»

«ደረጃ ላይ ብትወድቂስ?»

«ደረጃውን አንቺ ትይዢኛለሽ።»

«እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«እህት ቤት።»

ሳህኗን ይዛ ተነሣች፤ የራሷን ማለቴ ነው፣ የእራቱን። ሐኪሙም አልወደደልኝም፤ «እናቴ፣ በገዛ ፈቃዱ ሕክምና የሚያዘገይ ታካሚ አይቼ አላውቅም» አለ። ብቻዎን መንገድ አይሻገሩ፣ ሲመሽ አይውጡ፣ ባሰብኝ ካሉ በዚያው ቀን ይምጡ ብሎ ለቀቀኝ። ቀጠሮው ከዝናቡ በኋላ ነው። ፊደሌን አሁን አተልቄ እጽፋለሁ፤ ደብተሩ ቶሎ ያልቃል።

አሁን ልተኛ ስል ጫማዬ አጠገብ የእህቴ ጫማ ተደርድሮ አገኘሁት። እስከ ጀልባው ልትሸኘኝ ነው፤ አሁንም ግን አታናግረኝም።

ሰኞ 16

ረጅሟ ከአገሯ ጻፈች፤ የራሷ ግራ ዓይን ከቀኙ ያነሰ ያያል። ባልደረቦቿ ፍተሻውን ፈርተው ሰበብ ይደረድራሉ አለች። አንደኛው አምፖሉ ነው ብሎ ነበር።

ዛሬ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ወጣን። እህቴ ዳር ላይ ጥላዋን ይዛ ቆመች። ወደ ጀልባው ስገባ የነጂውን እጅ ያዝኩ። «ሞተሩን ነው የማየው ላልከኝ ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። «ምን ልበል ዶክተር፣ ሞተሩ ያሳዝናል» አለ።

ደንቡ ይኼ ነው። መጀመሪያ እኔ አያለሁ። ሲጠፋብኝ ነጂውን ትከሻውን እነካዋለሁ፤ እሱ ገመዱ ላይ ምልክት ያስራል፤ ከዚያ እኔ ፊቴን አዞራለሁ፤ ተማሪዬ፣ ጀርባዋን ሰጥታ የቆየችው፣ ተራዋን ታጎነብሳለች። ማናችንም አንናገርም።

ሳህኑ ወረደ። ነጭ ነበር፤ ከዚያ ግራጫ፤ ከዚያ የለም። ነጂውን ነካሁት። ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ ሰማሁት። ገመዱ የጀልባውን ጠርዝ እየጠረገ መውረዱን ቀጠለ። አንድ የልክ ቋጠሮ ጠርዙን መታ። ሌላም። እኔ የለም ካልኩት በታች ያን ያህል ውኃ ነበር፤ ጥሩ ውኃ፣ ብርሃን የሚያስገባ። ሐይቁ አልጠቆረም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም አለኝ፤ ግን ገመዱ አልቆም አለ።

ቆመ። ልጅቷ ቀና አለች። ሁለቱን ምልክቶች ነጂው ሜትሩን ዘርግቶ ለካቸው።

«ዶክተር…» አለች። ልትራራልኝ ነው መሰለኝ።

«አትንገሪኝ» አልኳት። «ጻፊው። ሁለቱንም።»